በአንድ አውራ ጣት ማር

የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡት ቀን ጀምሮ እጄ ዕረፍት አጥቷል። ስለ ንጽሕና ጻፉ ብለውን ነበር፤ እኔ ግን ስለ ጎረቤታችን ዶሮ ጻፍኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና «ርእሱን ስተሻል፤ ግን መጻፉን እንዳትተዪ» አሉኝ። ይኸው አልተውኩም። የዛሬው ስለ ዶሮ አይደለም። ባለፈው ዓመት ለሁለት ቀን ሽርሽር ወጥቼ እንዴት አንድ አባት ጨምሬ ወደ ቤቴ እንደተመለስኩ ነው የምነግራችሁ።

ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። አሁን ዘጠነኛ ስለገባሁ ያችን ልጅ ከሩቅ ሆኜ ነው የማያት፦ ቀጭን፣ ወሬኛ፣ ጣፋጭ ነገር ካየች ራሷን የማታውቅ። ስኳር ከኅብረት ሱቅ በሰልፍ በሚመጣበት ቤታችን እናቴ ጣሳውን የምትደብቀው ከአይጥ አልነበረም፣ ከእኔ ነበር።

ሌላው ደግሞ፣ ዘመድ አልነበረኝም። አባዬ አናጢ ነው፤ እሱና እናቴ ከከምባታ መጥተው ላፍቶ የሰፈሩት እኔ ሳልወለድ ነው። ወገን የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ ወገናቸው ሩቅ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የክፍሌ ልጆች አገር ቤት ሄደው፣ ፀሐይ አጥቁሯቸው፣ ኪሳቸውን ቆሎ ሞልተው ይመለሳሉ። አንዱን አጎቱ በቅሎ ላይ አስቀምጦታል፣ ሌላዋን አክስቷ እርጎ በቅል ሞልታ ሰጥታታለች። እኔ የአባዬን የጎበጠ ምስማር ሳቃና እከርማለሁ። አንድ ጊዜ ጨንቆኝ አጎት ፈጠርኩ፤ ፈረስ ያለው። ጓደኛዬ ጫልቱ ስሙ ማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ግን የፈረሱ ስም ነው ቶሎ የመጣልኝ።

ጫልቱ በዘመድ የተከበበች ልጅ ናት። እነሱ ከተማው ሳይደርስ ጀምሮ ላፍቶ ላይ የነበሩ ናቸው፤ አባቷ ዛሬም ጠዋት ጤፋቸውን አርመው ከሰዓት በኋላ ፋብሪካ ጥበቃ ይገባሉ። የእናቷ የእማማ በቀሉ ታላቅ ወንድም ደግሞ መልካ ሮቢ በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖራሉ። ጫልቱ ስለዚያች ከተማ ስታወራ ምራቄን እውጣለሁ። ወንዙ መሬቱን ሰንጥቆታል፣ ፏፏቴ አለ፣ ዓሣ ከወንዝ ወጥቶ እዚያው ይጠበሳል፣ ማሩ ከገደል ላይ ነው የሚወርደው። ይሄን ሁሉ ስትነግረኝ ኖራ አንድ ቀን «ቅዳሜ ከእናቴ ጋር እሄዳለሁ፣ አብረሽን ነይ» አለችኝ።

እንደምታውቁት ከከተማ የሚወጣ ሰው ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት መያዝ አለበት። አባዬ ደግሞ ቀበሌ መሄድ አይወድም። ክፉ ሠርቶ አይደለም። ረቡዕ ረቡዕ ቤታችን ጥቂት እንግዶች ይመጣሉ፤ ሲገቡ ጫማቸውን በር ላይ አይተዉም፣ ይዘውት ይገባሉ። እናቴም መዝሙር የምታዜመው አፏን ዘግታ ነው። ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ የገባው ገብቶታል። ብቻ የቀበሌ ሰው መጥቶ በራችንን እንዲያንኳኳ ምክንያት መስጠት አባዬ በዓለም ላይ ከሚፈራው ነገር ሁሉ አንደኛው ነው።

ቢሆንም ሦስት ቀን ስላለቀስኩበት ሄደልኝ። ጸሐፊው ከቅጹ ላይ እየጠየቀ ሞላ። የምትሄድበት ቦታ፣ መልካ ሮቢ። የምትመለስበት ቀን፣ እሑድ። እዚያ ያለ ዘመድ?

«የለም» አለ አባዬ።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ትሄዳለች?»

አባዬ ወደ እኔ አየ፤ መልሱን እሱም አያውቀውም። «ልታይ» አለ።

ጸሐፊው «ዘመድ፦ የለም» ብሎ ጻፈና ሐምራዊውን ማኅተም አሳረፈበት። አባዬ ዋስ ሆኖ ፈረመ። ሰኞ ጠዋት ወረቀቱ ካልተመለሰ ቤት ድረስ መጥተው እንደሚጠይቁ ጸሐፊው በትሕትና ነገረን። ስንወጣ አባዬ ወረቀቱን በኪሱ ሳይሆን በእጁ እንደ እንቁላል ይዞት «ይሄ ከሰውነትሽ አይለይ። ስትበዪም፣ ስትተኚም። እሑድ ፀሐይ ሳትጠልቅ በር ላይ እጠብቅሻለሁ» አለኝ። ማልኩለት። አንባቢዎቼ፣ ይህችን «ከሰውነትሽ አይለይ» የምትለውን ቃል ያዙልኝ።

ቅዳሜ ንጋት ላይ እማማ በቀሉ፣ ጫልቱና እኔ የለቡን ማሳ አቋርጠን ዓለም ገና በእግራችን ደረስን። ከዚያ በቡታጅራ አውቶቡስ ተጭነን፣ አቧራ ቅመን፣ ረፋዱ ላይ መልካ ሮቢ ወረድን። ከተማዋ መግቢያ ላይ በሁለት በርሜሎች መካከል ገመድ ተወጥሯል፤ ኬላው ይኸው ነው። ጠባቂው ጎፈሬው ውስጥ ማበጠሪያ የሰካ ወጣት ነው። ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ዘመድ የለም ይላል።»

«የለኝም።»

«እና ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ልጎበኝ።»

ዞሮ ከተማዋን አያት። አንድ መንገድ፣ ጥቂት ቆርቆሮ ቤት፣ መንገዱ መሐል የተኛ ውሻ። «ምኑን?» አለ ከልቡ። ከዚያ ወረቀቴን መልሶልኝ ስወጣም እንዳሳየው አስጠነቀቀኝ። ያለ ወረቀት ገመዱ ለማንም አይነሳም፤ ከእሱ በፊት የነበረው ጠባቂ አንድ ሰው በወሬ አሳልፎ ሩቅ ቦታ ተዛውሯል።

ያን ጊዜ ለምን «ምኑን?» እንዳለ አልገባኝም፤ የሚጎበኘው መንገዱ ዳር ካለው ሻይ ቤት ጀርባ ነበር። ከሻይ ቤቱ ጀርባ መሬት ያልቃል። ዝም ብሎ ያልቃል። ከታች፣ በጣም ከታች፣ ወንዙ ከወገብ ወድቆ እንደቀረ መቀነት ተጥሏል። ለማየት አንገቴን አሰገግኩ። ጫልቱ ቀሚሴን ከኋላ ይዛ «እዚህ ደርሰሽ ብትወድቂ እናትሽ እኔን ነው የምትጠይቀኝ» አለችኝ።

የእማማ በቀሉ ወንድም ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ። ረጅም ናቸው፤ ጆሯቸውን ንብ ስለምትወደው አንደኛው ሁልጊዜ ከሌላው ይተልቃል። ልጅ አልወለዱም፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። ቤት እንደገባን ጭኮ ቀረበልን፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ታሽቶ በእንጨት ገበታ የሚቀርብ፣ ለተከበረ እንግዳ የሚወጣ ምግብ ነው። ሁለተኛ ሲጨምሩልኝ እምቢ አላልኩም። ሦስተኛውንም። እማማ በቀሉ ዓይናቸውን ቢያፈጡብኝም እኔ ያየሁት ጭኮውን ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ቶሎሳ ከገደሉ ላይ ማር ቆርጠው መጡና ደጃቸው ያለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። አባ ጉዲና የሚባሉ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌና ሁለት ጎረቤቶች ማሩን ሊቀምሱ ተሰበሰቡ። እኔና ጫልቱም ተጠጋን። ማሩ ከነሰፈፉ ነው፤ ወርቅ ይመስላል ብል አስተማሪያችን ይቆጡኛል፣ ስለዚህ ማር ይመስላል። ኦቦ ቶሎሳ በቢላ ሲቆርጡ አውራ ጣታቸው እስከ አንጓው በማር ተነከረ። ጋቢያቸውን እንዳይነካ ጣቱን ቀጥ አድርገው ወደ ፊት ዘረጉና «ነይ፣ አንቺ እንግዳ፣ ቅመሺ» አሉኝ።

አሁን እናንተ ፍረዱኝ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው በእጁ ሲያጎርስ እምቢ ማለት ነውር ነው። እናቴም ወጥ ስታስቀምሰኝ በጣቷ ነው። እኔ ጉርሻ መሰለኝ። ጎንበስ አልኩና የኦቦ ቶሎሳን አውራ ጣት አፌ ውስጥ አስገብቼ ማሩን በደንብ፣ እስከ መጨረሻው፣ ጠባሁት።

ቀና ስል የአንደኛው ጎረቤት እጅ አየር ላይ ቀርቷል። ኦቦ ቶሎሳ ጣታቸውን የሌላ ሰው ጣት ይመስል አገላብጠው ያዩታል። ከዚያ አባ ጉዲና፣ ጆሮ የከበደው ሰው እንደሚያደርገው፣ ለራሳቸው የተናገሩ መስሏቸው ለከተማው በሙሉ ተናገሩ፦ «ቶሎሳ ልጅ ወለደ።»

ሳቁ ፈነዳ። ጫልቱ መሬት ላይ ተንከባለለች። በዚያ አገር አንድ ሰው የሌላውን ልጅ የራሱ ሊያደርግ ሲፈልግ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ በሽማግሌ ፊት እንደሚያጠባ የነገሩኝ እማማ በቀሉ ናቸው፤ እሳቸውም ሳቅ አላስጨርስ ብሏቸው ሦስት ጊዜ ነው የጀመሩት። የጡት ልጅ ይባላል። ኦቦ ቶሎሳ ሊሉ የፈለጉት ከገበታው ላይ ቅመሺ ነበር።

ያን ቀን ሙሉ መሳቂያ ሆንኩ። የሚያልፈው ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችህ ይላቸዋል። ጫልቱ የአጎቴ ልጅ እያለች ልብሷን ታስይዘኛለች። ኦቦ ቶሎሳ ብቻ ብዙ አልሳቁም። ስንተኛ «ልጄ፣ ይበርድሻል» ብለው ጋቢያቸውን ደረቡልኝ። ቀልድ መስሎኝ «እሺ አባ» አልኳቸው።

እሑድ ጠዋት ወደ ገደሉ ወረድን። መንገዱ የፍየል ነው። ጫልቱ ግማሹን በእግሯ፣ ግማሹን በመቀመጫዋ ወረደች። ታች ስንደርስ አየሩ ሌላ ነው፤ ይሞቃል፣ ጦጣ ይጮሃል፣ ፏፏቴው ፊትን ያረጥባል። ሮቢ በኦሮምኛ ጉማሬ ማለት ስለሆነ ጉማሬ ፈለግኩ፤ ኦቦ ቶሎሳ ጉማሬዎቹ ስሙን ትተው ሄደዋል አሉኝ። ወዲያ ማዶ ለመሻገር እጅ ለእጅ ተያይዘን በአንድ ረጅም ዱላ እየተመራን ገባን። ጫማዬን አውልቄ አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ። ካልሲዬን ግን አላወለቅኩም። ለምን? ወረቀቱ ካልሲዬ ውስጥ ነበራ። ከሰውነትሽ አይለይ ተብያለሁ።

መሐል ላይ ድንጋዩ ከሥሬ ዞረ። እስከ አገጬ ጠለቅኩ። ኦቦ ቶሎሳ በክንዴ ጎትተው አወጡኝ፤ እኔም ከፍርሃቴ ይልቅ ለላፍቶ የምወስደው ወሬ ስላስደሰተኝ እየሳቅኩ ወጣሁ። ማዶ ላይ ዓሣ አጥምደው ጠብሰው በሚጥሚጣ አበሉን። ጣቴን ልሼ ስጨርስ ካልሲዬን ላደርቅ አወለቅኩ።

ካልሲው ከውስጥ ሐምራዊ ሆኗል። ወረቀቱ እንደ ፈላ አጃ ነው፤ ስነካው ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ሆነ። አንድ ፊደል የለበትም። ማኅተሙ ግን አልጠፋም፤ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተገልብጦ ታትሟል።

ሳቄ እዚያው ላይ ቆመ። አቀበቱን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም።

አውቶቡሱ የሚያልፈው ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ በዕለቱ ለእኛ የሚሆን ሌላ የለም። ኬላው ጋ ስንደርስ ገና ስድስት ሰዓት አልሆነም። እማማ በቀሉና ጫልቱ የራሳቸውን ወረቀት አሳዩ። እኔ እግሬን አሳየሁ።

ጠባቂው ጎንበስ ብሎ ቁርጭምጭሚቴን መረመረ። «ማኅተሙ ትክክል ነው» አለ። «ግን እግርሽን ፋይል ውስጥ ማስገባት አልችልም።»

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያ ነው ያስቸገረው። ክፉ ሰው ቢሆን እለምነው ነበር። በደንብ ተቀምጦ አስረዳኝ፦ ለቀበሌዬ መልእክት ይላካል፣ እስኪጣራ እዚሁ እቆያለሁ፣ ምግብም አላጣም። ቀበሌው ቤቴ ሄዶ ወላጆቼን ይጠይቃል፣ መልስ ይመጣል።

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«ብዙም አይቆይም። ቤታችሁ የሚደርሱት ማክሰኞ ቢበዛ ረቡዕ ነው።»

ረቡዕ። ጫማ ይዘው የሚገቡትን እንግዶች አሰብኩ። አባዬ እሑድ ፀሐይ ሳትጠልቅ በር ላይ ቆሞ ታየኝ፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅም ታየኝ። ዓይኔ ሞላ።

ኦቦ ቶሎሳ አባ ጉዲናን አስከትለው ከኋላዬ መጡ። «ይህች ልጅ የእኔ ናት» አሉ። «ለልጄ እኔ ዋስ ነኝ።»

«ኦቦ፣ ትናንት ወረቀቷ ዘመድ የለም ይል ነበር። እኔው ነኝ ያነበብኩት።»

«ትናንት ጠዋት አልነበራትም። ከሰዓት በኋላ አገኘች።»

አባ ጉዲና በዱላቸው መሬቱን መቱና ስጠባ በዓይናቸው እንዳዩ መሰከሩ፤ የከበደው ጆሯቸው እንጂ ዓይናቸው አይደለም። ጠባቂው ማበጠሪያውን ከጎፈሬው አውጥቶ እንደገና ሰካው። በመጨረሻ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በማኅተም ካረጋገጡለት ገመዱን እንደሚያነሳ ነገረን። ሊቀ መንበሩ ጓድ ደበላ ናቸው። ማኅተሙ እንዳይጠፋባቸው በጨርቅ ቋጥረው ወገባቸው ላይ ነው የሚያስሩት። እሳቸው ደግሞ ዛሬ እሑድ ስለሆነ ወንዝ ወርደዋል፣ ዓሣ ሊያጠምዱ።

እማማ በቀሉ ቅርጫታቸውን አውርደው መንገዱ ዳር ቁጭ አሉ። «እናንተ ሂዱ። አውቶቡሱ ያለ እኔ አይሄድም» አሉ። እንዴት እንደሚያስቆሙት አልጠየቅንም፤ እሳቸውን የሚያውቅ አይጠይቅም።

እንደገና ቁልቁል። ኦቦ ቶሎሳ ከፊት፣ እኔ ከመሐል፣ አባ ጉዲና ምስክር ስለሆኑ ከኋላ፣ ጫልቱ ምንም ሳትሆን እንዳያመልጣት ብላ። እሷን እየሰማሁ ነው የወረድኩት፦ «ማር ቀማሽ፣ እግርሽን አንሺ። ማኅተምሽን እንዳትረግጪው።» ጓድ ደበላን ከፏፏቴው በታች አገኘናቸው፤ ዓሣ እየጠበሱ ነበር። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ነገር ከመናገራቸው በፊት የሚያኝኩ ሰው ናቸው። ታሪኩን እስከ መጨረሻ ሰሙ። እጃቸው ወደ ወገባቸው አልሄደም። ለኦቦ ቶሎሳ አንድ ዓሣ በሚጥሚጣ ለውሰው አቀበሉ፣ ሰው ሲጨነቅ ይብላ ብለው መሰለኝ። ኦቦ ቶሎሳም ሳያውቁት በሉ።

«ቶሎሳ» አሉ ደበላ፣ «ማኅተም ለቀልድ አይመታም። ዛሬ ላሳልፋት ብዬ ልጁ ናት ብዬ ብጽፍ፣ ነገ ልጅህ ካልሆነች እኔ ዋሸሁ ማለት ነው። ትናንት ቀልድ ነበር ወይስ ቁም ነገር?»

ኦቦ ቶሎሳ ወደ ወንዙ ዞሩ።

«ለእናንተ ቀልድ ነበር» አሉ። «እኔ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ አንድ ቀፎ ለይቼላታለሁ። ከዋንዛው በስተቀኝ ያለውን።»

ጫልቱ መቀለዷን አቆመች። እኔ የማየው መሬቱን ነው። ደበላ ወደ እኔ ዞሩ። ልጅ መሆን ጭኮ መብላት ብቻ አለመሆኑን ነገሩኝ። ሲታመሙ መምጣት አለ። ሲሞቱ እንደ ልጅ ማልቀስ አለ። ሰው ልጅህ የታለች ሲላቸው መገኘት አለ። «ትችያለሽ? ካልቻልሽ ንገሪን፣ ማንም አይቀየምሽም። ኬላው ላይ ሌላ መላ እንፈልጋለን።»

አንባቢዎቼ፣ አሁን ላይ ሆናችሁ ቀላል ይመስላችኋል። አዎ ብዬ መሮጥ ነበረብኝ፤ አውቶቡሱ እየመጣ ነው። ግን በዚያች ደቂቃ የማስበው ስለ አውቶቡሱ አልነበረም። አባዬን ነበር የማስበው፤ ቀበሌ ቆሞ «የለም» ሲል የነበረውን ፊት። ዘመድ ቢኖረኝ ብዬ የተመኘሁት ሁሉ፣ ፈረስ ያለው አጎት ሁሉ፣ ለካ እሱን የሚያሳፍር ኖሯል።

«አባዬን መተው አለብኝ?» አልኩ።

ደበላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ማን ተዪ አለሽ? ይጨመርልሻል እንጂ ምን ይቀነስብሻል።»

«እንግዲያው እሺ» አልኩ። «እችላለሁ።»

«ምን አለች?» አሉ አባ ጉዲና። «እኔ ያልሰማሁትን አልመሰክርም። በጣቱ ታሳየኝ።»

ኦቦ ቶሎሳ አውራ ጣታቸውን ዘረጉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። በዚህ ጊዜ ቀልድ አልነበረም። ዝቅ አልኩና እንደ ትናንቱ፣ በደንብ፣ እስከ መጨረሻው፣ ጠባሁት። ዓሣውን የበሉበት እጅ መሆኑን ያስታወስኩት ሚጥሚጣው ጉሮሮዬ ሲደርስ ነው።

እሳት። እንባዬ በሁለት ጉንጬ ወረደ፣ አፍንጫዬም ተከተለ። መተንፈስ ስላቃተኝ ደረታቸው ላይ ተደገፍኩ። ኦቦ ቶሎሳ ልጄ እያሉ ራሴን ያሻሹኛል። ጓድ ደበላ ፊታቸውን አዞሩ። አባ ጉዲና «አያችሁ ፍቅሯን» አሉ። ለጫልቱ ብቻ ነው የገባት፤ ቀሚሷን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትከሻዋ ይናጣል። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገረችም፤ እኔም ዛሬ ነው የምናዘዘው። ግን አንድ ነገር እመኑኝ፤ እንባው በሚጥሚጣ ይጀምር እንጂ በሚጥሚጣ አላለቀም።

ደበላ ወረቀትና ብዕር አወጡ። መጻፍ የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ «ለሚመለከተው» የሚለውን ሲጨርሱ ፀሐይ የተንቀሳቀሰች መሰለኝ። ጫልቱ አላስቻላትም፤ ይህች ልጅ ድርሰት ትወዳለች፣ እሷ ትጻፈው አለች። ደበላ ብዕሩን ሰጡኝ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተንበርክኬ፣ የራሴን ልደት በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ ተማሪ ምሕረት ላምቤቦ የማኅበራችን አባል የጓድ ቶሎሳ የጡት ልጅ መሆኗን፣ ወረቀቷም በወንዝ መሻገር ምክንያት መበላሸቱን እናረጋግጣለን። አንድ ቃል አልሰረዝኩም። ደበላ አነበቡት፣ ፈረሙበት፣ ማኅተሙን እፍ ብለው አሳረፉበት። ከዚያ ወረቀቱን ለእኔ ሳይሆን ለአባቴ ሰጡት። ለአዲሱ አባቴ ማለቴ ነው።

ላይ ስንደርስ አውቶቡሱ ቆሟል። እማማ በቀሉ አንድ እግራቸውን መሬት፣ አንድ እግራቸውን መርገጫው ላይ አድርገው ለሾፌሩ ስለ ጉልበታቸው ሕመም እያስረዱት ነው፤ የግራውን ጨርሰው ቀኙን ጀምረዋል። ጠባቂው ደብዳቤውን አነበበና የእጅ ጽሑፉ ጥሩ ነው አለ። ገመዱን አነሳ። «በሚቀጥለው ስትመጪ» አለኝ፣ «ምን ልትሠሪ መጣሽ አልልሽም።»

ከዓለም ገና ላፍቶ እየሮጥን ነው የመጣነው ማለት ይቻላል። ፀሐይዋ ጣሪያ ስትነካ አባዬ በር ላይ ቆሟል። አቀፈኝ፣ አሸተተኝ፣ ዓሣ ሸተትኩት። ደብዳቤውን ሰጠሁትና እስኪጨርስ ጫማዬን አየሁ። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አባት አነስኩሽ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«አንተ አላነስከኝም። ዘመድ ነው ያነሰን።»

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤውን ይዞ ቀበሌ ሄደ፤ ጸሐፊው ገልብጦ ዋናውን መለሰለት። አባዬም አጥፎ በማታ በሚያነበው መጽሐፍ መሐል አስቀመጠው። ተቀይሞኝ እንደሆን ሦስት ሳምንት ሙሉ አላወቅኩም።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ዕለት ኦቦ ቶሎሳ አንድ እንስራ ማርና አንድ በግ ይዘው፣ ከዓለም ገና በእግራቸው መጥተው፣ በራችን ላይ ቆሙ። ለአባዬ ያሉት ይህን ነው፦ ሳላስፈቅድ ልጅህን ልጄ አልኩ፣ አጥፍቻለሁ፣ ክፈል ካልክ እከፍላለሁ። አባዬ በጉን አየ፣ ሰውየውን አየ፣ ያበጠውን ጆሯቸውን አየ። ከዚያ ገብተው እንዲቀመጡ ወንበር አመጣላቸው፤ ራሱ የሠራውን፣ ለእንግዳ የማይወጣውን ጥሩውን። እስኪመሽ ስለ እንጨት ሲያወሩ ዋሉ፤ ለቀፎ የቱ ይሻላል፣ ዋንዛ ወይስ ጽድ። እኔን አንድ ጊዜ አላነሱኝም። ትንሽ ተቀየምኩ።

ረቡዕ ደረሰ። ኦቦ ቶሎሳ ገና አልሄዱም፤ እናቴ ማማሰያ እንደያዘች ወጣ ገባ ትላለች። እንግዶቹ አንድ በአንድ፣ ጫማቸውን ይዘው ገቡ። ኦቦ ቶሎሳ አዩአቸው። አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። ተነሱና ወደ በሩ ሄዱ፤ የሚወጡ መሰለኝ። ጎንበስ ብለው በር ላይ የተዉትን በረባሷቸውን አነሱና ወደ ውስጥ ይዘው ገቡ። አባዬ ይህን አየ። ከዚያ ቀን በኋላ ተቀይሞኝ ይሆን ብዬ አስቤ አላውቅም።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባት አንዳችሁ ወንዝ ልታዩ፣ ዓሣ ልትበሉ ልትወጡ ትችላላችሁ። ምክር ስጪ ብትሉኝ ወረቀታችሁን ካልሲ ውስጥ አታድርጉ እላለሁ። ትልቅ ሰው ማር የነካ ጣት ሲዘረጋላችሁም መጀመሪያ ጠይቁ። ሌላውን ግን ልመክራችሁ አልችልም፣ ምክንያቱም እኔ ሳልጠይቅ ነው ያገኘሁት። ዘመድ በደም ብቻ የሚመጣ፣ ያለው ያለው፣ የሌለው የሌለው ይመስለኝ ነበር። አሁን አንዳንዴ በስህተት እንደሚጀመር፣ ከዚያ ግን አንድ ሰው ስህተት አልነበረም ብሎ እሺ ማለት እንዳለበት አውቃለሁ። ድርሰት አብልጬ የምወደውም ከዚያ ድንጋይ ጀምሮ ነው፤ የጻፍኩት ነገር ገመድ ሲያነሳ አይቻለሁና።

ባለፈው ወር ማር መቁረጫው ደረሰ፤ ከዋንዛው በስተቀኝ ያለው ቀፎ የእኔ ነው። አባዬ አዲስ የሠራውን ቀፎ አስይዞ ሊልከኝ ቀበሌ አብሮኝ ሄደ። ያው ጸሐፊ፣ ያው ቅጽ። የምትሄድበት ቦታ፣ መልካ ሮቢ። እዚያ ያለ ዘመድ?

አፌን ስከፍት አባዬ ቀደመኝ።

«አባቷ አሉ» አለ።

ጸሐፊው ብዕሩን አቁሞ ቀና አለ። «አንተስ ታዲያ ምኗ ነህ?»

«እኔም አባቷ ነኝ» አለ አባዬ። «ጻፈው።»